መድኃኒት ኃይሉን እንዳያጣ
ስለ ከብትና ስለ ዶሮ መድኃኒት አያያዝ ለእናቶችና ለቤተ ሰብ የተሰጠ ምክር

በአገራችን በገጠር የሚኖር ቤተ ሰብ ኑሮው ከከብቱ ጋራ ነው። ላሟ ወተትና ቅቤ ትሰጣለች፤ በሬው ያርሳል፤ በግና ፍየል ተሸጠው የልጅ ልብስና ደብተር ይገዙባቸዋል፤ ዶሮዋ ደግሞ የእናትየዋ የእጅ ገንዘብ ናት። ከብት ሲታመም ቤቱ ሁሉ ይታመማል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከብቱ የታመመበት ሰው መድኃኒት ፍለጋ ቢሮጥ አያስወቅሰውም። እኛም በዚህች ጽሑፍ መድኃኒት አትስጡ አንልም። ነገር ግን ያለ ቦታው፥ ያለ ልኩና ያለ ቀኑ የተሰጠ መድኃኒት ኃይሉን እያጣ ይሄዳል። ኃይሉን ያጣ መድኃኒት ለላሟ ብቻ ሳይሆን በጀርባችሁ ላዘላችሁት ሕፃንም አይደርስለትም። ይህ እንዴት እንደሚሆንና ምን ቢደረግ እንደሚሻል ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን።

አንድ ምሳሌ

ነገሩን በምሳሌ ብናስረዳ ይቀላል። አንዲት እናት አለች እንበል። ሁለት ላሞች፥ አንድ ጥጃና ጥቂት ዶሮዎች አሏት። አንደኛዋ ላም የጡቷ አንዱ ወገን አበጠ፤ ወተቷም ጓጎለ። ሴትዮዋ ገበያ ወጥታ መሬት ላይ መድኃኒት ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው አንድ ጠርሙስ ገዝታ መጣች። ጎረቤቷ ሁለት ቀን ወጋላት። እብጠቱ ጎደለ። እሰይ ብላ ተወችው፤ የተረፈውንም በጨርቅ ጠቅልላ ከጣራው ሥር ሰካችው። ከአንድ ወር በኋላ እብጠቱ ተመለሰ። ያንኑ የተረፈውን አስወጋች፤ አልበጀም። ይኸን ጊዜ የከብት ሐኪሙን አስጠራች።

«እናቴ፥ ፊተኛውን መድኃኒት ስንት ቀን አስወጓት?» አላት።

«ሁለት ቀን ነው፥ ልጄ። ሲሻላት ጊዜ ለምን በከንቱ ይለቅ ብዬ ለሌላ ቀን አስቀመጥሁት።»

«ወተቷንስ ምን አደረጉት?»

«ምን አደርገዋለሁ? የጓጎለውን ለጥጃው፥ ደህናውን ለልጆቹ።»

ሐኪሙ የተቻለውን አደረገ፤ ያ የጡት ወገን ግን ደነደነና ላሟ በሦስት ጡት ቀረች። በዚያው ሰሞን የሴትዮዋ የልጅ ልጅ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዘው። ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ መጀመሪያ የተሰጠው መድኃኒት አልያዘለትም። ወደ ሆስፒታል ተልኮ በሌላ መድኃኒት ከብዙ ቀን በኋላ ዳነ። የልጁ በሽታ ከከብቶቹ ለመምጣቱ ምስክር የለም። መንገዱ ግን ክፍት ነበር። ያንን መንገድ አሁን እንመልከተው።

ተሐዋስያን መድኃኒት የሚለምዱት እንዴት ነው?

ብዙ በሽታ የሚመጣው በዓይን ከማይታዩ ተሐዋስያን ነው። ከነዚህ አንዱ ወገን ባክቴሪያ ይባላል። ፔኒሲሊንና ቴትራሳይክሊን የመሳሰሉት መድኃኒቶች የተሠሩት ባክቴሪያን ለመግደል ወይም እንዳይራባ ለማገድ ነው። እነዚህን መድኃኒቶች ሐኪሞች አንቲባዮቲክ ይሏቸዋል።

ባክቴሪያ ምግብና ሙቀት የተመቸው እንደ ሆነ በ20 ደቂቃ ውስጥ አንዱ ሁለት ይሆናል። ከምሽቱ 3 ሰዓት አንድ የነበረ፥ ሳይቋረጥ ቢራባ፥ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ከ16 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ መካከል አንዳንዱ ሲፈጠር ከወንድሞቹ የተለየ ይሆንና መድኃኒት ይችላል። መድኃኒቱ በልኩና ለታዘዘው ቀን ከተሰጠ፥ አብዛኛው ይሞታል፤ የቀረውንም ጥቂት የላሟ የራሷ ሰውነት ይጨርሰዋል። በግማሽ ከቆመ ግን ደካማው ሞቶ ብርቱው ይቀራል። ቦታውም ምግቡም ለብርቱው ይለቀቅለታል።

ይህን ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ሰርዶ የበዛበትን ማሳ ላይ ላዩን አጭዶ ሥሩን የተወ ሰው፥ በሚመጣው ክረምት የሚያገኘው ሰርዶ ብቻ ነው።

ሌላም ክፋት አለ። አንዲት ጎረቤት ከሌላዋ ቤት እሳት እንደምትጭር፥ አንዱ ባክቴሪያም መድኃኒት የመቻልን ኃይል ለሌላው ያቀብላል። ስለዚህ በዶሮዋ አንጀት ውስጥ መድኃኒት የለመደ ተሐዋስ፥ ራሱ ሰውን ባያሳምም እንኳ፥ ሰውን ለሚያሳምመው ትምህርቱን ሊሰጠው ይችላል።

ይህ ዛሬ የታወቀ አይደለም። ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው የእስኮትላንድ ሰው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፥ በ1945 የኖቤል ሽልማት በተቀበለ ጊዜ፥ መድኃኒቱን ከልክ በታች መውሰድ ተሐዋስያንን ያለማምዳል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። የፈራው ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት ብቻ በዓለም ላይ 1 ሚሊዮን 270 ሺህ ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ሊቃውንት ገምተዋል። የሕፃናት ሞትም ከዚህ ቍጥር ውስጥ አለበት።

የከብቱ መድኃኒት ከልጁ ጋራ ምን አገናኘው?

አንዳንድ ሰው «የከብት መድኃኒት ለከብት፥ የሰው ለሰው» ይላል። ጠርሙሱ ይለያይ ይሆናል፤ የመድኃኒቱ ዘር ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ለላሞች የሚወጋው ፔኒሲሊን፥ ለሕፃን የሳንባ ምች ከሚሰጠው ከአሞክሲሲሊን ጋራ ዘመድ ነው። ለከብት በብዛት የሚወጋው ኦክሲቴትራሳይክሊን፥ ለዓይነ ማዝ ከሚቀባው ከቴትራሳይክሊን ቅባት ጋራ ወንድማማች ነው። በአንደኛው የለመደ ተሐዋስ ሌላውንም ሊንቅ ይችላል።

መድኃኒት የለመዱ ተሐዋስያን ከከብት ወደ ሰው የሚመጡባቸው መንገዶች እነዚህ ናቸው፤

በእጅ፤ ዛፍቆ ጠርገን፥ ላም አልበን፥ ዶሮ አርደን ሳንታጠብ ምግብ ስንነካ።

በወተትና በሥጋ፤ ጥሬ ወተት ስንጠጣ፥ ጥሬ ሥጋ ስንበላ።

በውሃ፤ ከብት በሚጠጣበትና በሚያስገባበት ምንጭ ሰው ሲቀዳ።

በጓሮ፤ እርጥብ እበት በቀጥታ በሰላጣና በካሮት ላይ ሲጣል።

በወለል፤ ጥጃና ዶሮ ከሰው ጋራ ባደሩበት ቤት ሕፃን ሲድህና እጁን ወደ አፉ ሲወስድ።

ከነዚህ መንገዶች አብዛኞቹ የሚያልፉት በእናት እጅ ነው። ስለዚህ መዝጊያውም በእናት እጅ ነው።

አንቲባዮቲክ የማያድናቸው በሽታዎች

መድኃኒት በከንቱ የሚባክነው ከሁሉ ይልቅ በማያድነው በሽታ ላይ ሲሰጥ ነው። ቫይረስ የሚባለው ሌላው የተሐዋስያን ወገን ለአንቲባዮቲክ አይበገርም።

ፈንግል፤ ዶሮዎችን በአንድ ሳምንት ጠራርጎ የሚጨርሰው ፈንግል የቫይረስ በሽታ ነው። አንዳንድ ሰው የሰው ቴትራሳይክሊን ኪኒን ፈልቅቆ በውሃ እየበጠበጠ ያጠጣል። ዶሮዋ አትድንም፤ በአንጀቷ ያለው ባክቴሪያ ግን መድኃኒት ይለምዳል። የፈንግል መከላከያው ክትባት ነው፤ በዓይን ጠብታ ወይም በሚጠጣ ውሃ ይሰጣል። ክትባቱ የሚሰጠው በሽታው ሳይገባ ነው እንጂ ከገባ በኋላ አይደለም።

አፍተግር፤ ይህም የቫይረስ በሽታ ነው። የታመመውን ለይቶ ማሰር፥ ለስላሳ መኖና ንጹሕ ውሃ ማቅረብ፥ ቁስሉን ማጠብ ያስፈልጋል። በቁስሉ ላይ ሌላ በሽታ ከገባበት መርፌ ያስፈልግ እንደ ሆነ የሚያውቀው ሐኪሙ ነው።

የሆድ ትል፥ የጉበት ትልና መዥገር፤ የከሳ ከብት ሁሉ ኦክሲ አይሻም። ትል የራሱ መድኃኒት አለው፤ ረኀብም መድኃኒቱ መኖ ነው።

ገንዲም በባክቴሪያ የሚመጣ አይደለም፤ እርሱም የተለየ መድኃኒት አለው። ስለዚህ በሽታውን ሳያውቁ መርፌ መውጋት በጨለማ ድንጋይ እንደ መወርወር ነው።

ከመድኃኒት በፊት ንጽሕናና ክትባት

አያቶቻችን «ክፉ ቀን» የሚሉት ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ረኀብ፥ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በሬዎቹን ስለ ጨረሰ የመጣ ነበር። ያ በሽታ ዛሬ በምድር ላይ የለም። በ2003 ዓ.ም. ፈጽሞ መጥፋቱ ለዓለም ተነገረ። ያጠፋው የመርፌ መድኃኒት አይደለም፤ ክትባትና ክትትል ነው። ለደስታ በሽታ ማዳኛ መድኃኒት አልነበረውም። ከዚህ የምንማረው፥ ሳይታመም የጠበቁት ከብት ከታመመ በኋላ ከሚያክሙት እንደሚሻል ነው። አባ ሰንጋ፥ አባ ጎርባና ጎሮርሳ ክትባት አላቸው። ክትባት በመጣ ቀን ከብታችሁን አትደብቁ።

የላም ጡት በሽታ። ለመከላከል እንዲህ አድርጉ፤

ከማለባችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ጥጃው ጠብቶ ወተቱ ከወረደ በኋላ ጡቷን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ አድርቁ። ለእያንዳንዷ ላም የየራሷ ጨርቅ ይኑራት፤ ጨርቁም ይቀቀል።

የመጀመሪያውን ጥቂት ወተት በጥቁር ሳሕን ላይ አልባችሁ ተመልከቱ። የጓጎለ ወይም ደም ያለበት ከሆነ በሽታው ጀምሯል።

ደህናዋን ላም አስቀድማችሁ፥ የታመመችውን በመጨረሻ እለቡ።

ካለባችሁ በኋላ ወዲያው እንዳትተኛ ድርቆሽ ስጧት። የጡቷ ቀዳዳ እስኪዘጋ ጊዜ ይወስዳል፤ እበት ላይ ከተኛች ተሐዋስያን ይገቡባታል።

ጥጃ። እንገር የጥጃው የመጀመሪያ ክትባቱ ነው። በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ ጠግቦ ይጥባ። ለቤት ሰው እንገር ቢያምረውም ጥጃው ይቅደም። ዘግይቶ የጠባው ያንን ያህል አይጠቅመውም። እትብቱን በአዮዲን ንከሩ፤ የሚተኛበትም ደረቅ ይሁን። ጥጃ ሲያስቀምጠው የሚገድለው ብዙ ጊዜ የውሃ ማለቅ ነው። ወተት ሳትከለክሉ፥ ጨውና ስኳር በልክ የተበጠበጠበት ንጹሕ ውሃ ስጡት፤ ልኩን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳያችኋል።

ዶሮ። የዶሮ ቤት ከሰው ቤት ይለይ። ኩሱ በየጊዜው ይጠረግ፤ መጠጫው በየቀኑ ይታጠብ። ከገበያ የመጣ አዲስ ዶሮ ወዲያው ከቤቶቹ ጋራ አይቀላቀል፤ ሁለት ሳምንት ያህል ለብቻው ይቆይ። የሞተ ዶሮ ይቀበር ወይም ይቃጠል እንጂ ለውሻ አይጣል።

በሌሎች አገሮች ለብዙ ዓመታት እንስሳት ቶሎ እንዲወፍሩ ብለው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አንቲባዮቲክ በመኖ ይቀላቅሉ ነበር። ለማለማመድ ከዚህ የባሰ የለም። ስዊድን ይህን እ.ኤ.አ. በ1986 ከለከለች፤ የአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ከ2006 ጀምሮ ሁሉም ከለከሉ። ከብቱም ዶሮውም ከአገሩ አልጠፋም። በመድኃኒቱ ፈንታ በረቱን አጸዱ፥ መኖውን አሻሻሉ፥ ግልገሎችን ቶሎ ከእናት መለየትን ተዉ። እኛም አገር ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች «እንዳይታመሙብኝ» እያሉ ሳይታመሙ መድኃኒት በውሃ ባይሰጡ መልካም ነው።

መድኃኒት ግድ ሲሆን

ንጽሕና ሁሉን በሽታ አያስቀርም። መድኃኒት ያስፈለገ እንደ ሆነ እነዚህን ሕጎች ጠብቁ፤

1ኛ፤ አስቀድማችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳዩት። በሽታው ምን እንደ ሆነና መድኃኒቱ ምን እንደሚባል ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

2ኛ፤ ገበያ ላይ በፀሐይ ከተዘረጋ አትግዙ። ፀሐይ የመታው፥ ጊዜው ያለፈበት ወይም ውሃ የተቀላቀለበት መድኃኒት ከልክ በታች ነው፤ አይገድልም፥ ያለማምዳል እንጂ።

3ኛ፤ ልኩ በከብቱ ክብደት ነው። የጥጃ ልክ ለበሬ አይሆንም፤ የአንዱንም ለሁለት አታካፍሉ።

4ኛ፤ ቢሻለውም የታዘዘው ቀን ሳይሞላ አታቋርጡ። ማንበብ ለማይችል ሰው ብልሃት አለው፤ ባለሙያው አምስት ቀን ካለ በገመድ ላይ አምስት ቋጠሮ ቋጥሩ፤ በተወጋ ቁጥር አንድ ፍቱ።

5ኛ፤ ከተረፈ ለሌላ ቀን አታስቀምጡ፥ ለጎረቤትም አታውሱ። ለሰጣችሁ ባለሙያ መልሱለት። ያገለገለውን መርፌም ልጆች እንዳይጫወቱበት እንዲሁ መልሱ።

6ኛ፤ የሰው ኪኒን ለዶሮ፥ የከብት መድኃኒት ለሰው ፈጽሞ አይሁን።

መድኃኒት የተወጋች ላም ወተት

መድኃኒት የተወጋች ላም ወተቷና ሥጋዋ ለጥቂት ጊዜ መድኃኒት አለበት። እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ይህ ጊዜ ከጥቂት ቀን ጀምሮ እስከ አንድ ወር ገደማ ይደርሳል፤ ለሥጋ ከወተት ይረዝማል። ቀኑ በጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ ባለሙያውን «ወተቷ መቼ ይጠጣል? መቼስ ትታረዳለች?» ብላችሁ ጠይቁ። ያው የገመዱ ቋጠሮ ለዚህም ይሆናል።

«እናፈላዋለን» የሚል ይኖራል። ወተት ማፍላት እጅግ መልካም ነው፤ ተሐዋስያንን ይገድላል፤ ከደህና ላም የታለበውም ቢሆን ሳይፈላ ሕፃን አይጠጣው። በወተት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ግን ማፍላት ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው በእንዲህ ያለ ወተት ሊታመም ይችላል። ባለሞያ ሴት ይህን በእርጎዋ ታውቀዋለች፤ መድኃኒት ያለበት ወተት ወተቱን የሚያረጋውንም ደግ ተሐዋስ ስለሚገድል አልረጋም ብሎ ያስቸግራል። ወተት የማይረጋበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ነገር ግን ላሟ በቅርብ ተወግታ እንደ ሆነ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

ያንን ወተት ለጥጃውም አትስጡት፤ በአንጀቱ ያሉት ተሐዋስያን ይለምዱበታል። ከምንጭ ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ይደፋ። ወተት መድፋት ለእናት ልብ ከባድ እንደ ሆነ እናውቃለን። ስለዚህ ነው ስለ ጡት ማጠብ ይህን ያህል የተናገርነው፤ ያልታመመች ላም ወተቷ አይደፋም።

እጅና ቤት

ከአለባችሁ፥ እበት ከነካችሁና ዶሮ ካረዳችሁ በኋላ፥ ምግብ ከማቅረባችሁና ሕፃን ከማጥባታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሳሙና ከጠፋ በንጹሕ አመድ። ወለል በእበት የለቀለቃችሁ እንደ ሆነ እስኪደርቅ ሕፃኑን አታስቀምጡበት፤ ኩበት የጠፈጠፈ እጅም ሳይታጠብ ሊጥ አይንካ። እበት ለጓሮ የሚሆነው ተከምሮ፥ ግሎና በስብሶ ነው። የከብት ማጠጫ ከሰው መቅጃ በታች ይሁን። ለከብት የተለየ ማደሪያ ለመሥራት አቅም እስኪገኝ፥ በመካከሉ አጥር ወይም ግድግዳ ማድረግ ይጠቅማል።

ለማስታወስ

መድኃኒት የጋራ ሀብት ነው፤ የምንጭ ውሃ እንደ ማለት ነው። አንዱ ያደፈረሰውን ሁሉም ይጠጣዋል። አንዲት እናት ጡት አጥባ ብታልብ፥ ዶሮዋን ብታስከትብ፥ የታዘዘውን ቀን ብትጨርስ፥ የጠቀመችው ለራሷ ቤት ብቻ አይደለም፤ ከወንዝ ማዶ ላለው ሕፃንም መድኃኒቱን አቆየችለት።

ልጅ ታሞ ጤና ጣቢያ በወሰዳችሁት ጊዜ በቤታችሁ ከብት ወይም ዶሮ መድኃኒት ወስዶ እንደ ሆነ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ይረዳዋል። ያልገባችሁን ሁሉ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ጠይቁ።

ይህችን ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ልጅ ለእናቱና ለአያቱ ያንብብላቸው። አንብበው ከጨረሱም ለጎረቤት ያውሱ። መድኃኒት አይዋዋሱም፤ ምክር ግን ይዋዋሳሉ።